ሽማግሌዎቹን በር ላይ መረመርኳቸው

ዛሬ ጠዋት እህቴን ለልጃቸው ሊጠይቁ የመጡትን ሽማግሌዎች በር ላይ አቁሜ መረመርኳቸው።

ጥፋቱ የፊልሞቹ ነው። ወሩን ሙሉ «ኗር» የሚባሉትን ጨለም ያሉ የወንጀል ፊልሞች ሳይ ከረምኩ። ከድሮዎቹ ጥቁርና ነጭ እስከ ዘንድሮዎቹ፣ መርማሪ ያለበትም፣ ባሏን የምታስገድል ያለችበትም አልቀረኝም። ካፖርትና ባርኔጣ ያደረገ ሰው በር ላይ ከቆመ አንድ ሰው ይሞታል።

እኛ በር ላይ ደግሞ ሦስት ካፖርት፣ ሦስት ባርኔጣ! (የደብረ ማርቆስን ብርድ ረስቼው ነው።)

«ግቡና ተቀመጡ» ስል፣ ትልቁ ሰውዬ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ሽማግሌ እንዲህ እንደሚል ሕፃን ያውቃል። እኔ ግን ዓይኔን አጥብቤ «ማን ነው የላካችሁ?» አልኩ።

እሳቸው ደስ ብሏቸው የልጁን ስም ከነአባቱ፣ አገሩም አማኑኤል ከተማ መሆኑን ነገሩኝ። ፊልም ላይ እንዲህ ቶሎ የሚናዘዝ የለም! ጭራሽ ጠረጠርኩ።

«እስቲ እባክዎ እጅዎን ከኪስዎ ያውጡ!»

አባዬ የደረሰው ይኼኔ ነው። ሽማግሌው ቀዝቀዝ ብለው «የጠየቅነው ልጅቷን ነው፤ ይኼን ወንድሟን እዚሁ ያዙት» አሉት።

እህቴ ስልኬን ቀምታኛለች፤ ይህን የምጽፈው በእማዬ ስልክ ነው። እስቲ ፊልም አይታችሁ ቤተሰብ ያዋረዳችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ብቻዬን አልዋረድ።