በጋሽ ታደሰ ኮምፒውተር ላይ የሞትኩ ዕለት

ለመካኒሳው ዕድራችን የአባላት መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠራሁ። በጸሐፊያችን በጋሽ ታደሰ ኮምፒውተር ላይም መሥራቱን ለማወቅ፣ ራሱን የሚፈትሽበትን ሙከራ አብሬ በዲስኬት ሰጠኋቸው። ሙከራው አንድ አባል እንደሞተ መዝግቦ የድንኳን ትእዛዝ ያትማል። በሰው ማሟረት ስለፈራሁ የራሴን ስም አስገባሁ።

በማግስቱ ከሰዓት ከታክሲ ስወርድ ደጃችን ላይ ድንኳን ይተከላል። ቤት የነበረችው እናቴ ብቻ ናት፤ ሮጥኩ።

«ማን ሞተ?» አልኩት ድንኳን የሚተክለውን ሰውዬ።

«አቶ ዳዊት» አለኝ፣ ገመዱን እየወጠረ።

«ዳዊት እኮ እኔ ነኝ!»

ከጋሽ ታደሰ ማተሚያ ላይ ያነሳውን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ አነበበና፣ «ወረቀቱ ግን ሞተዋል ይላል» አለኝ።

ይኼኔ ጋሽ ታደሰ እያለከለኩ ደርሰው አቀፉኝ።

«እንኳን ደስ ያለህ ልጄ! በእኔም ኮምፒውተር ሠርቷል!»