ቀኙን የምዘጋበት ሰው

ዛሬ ጠዋት ጣና ዳር ስሄድ ከዘራ የያዘ ሰው ፊት ለፊቴ መጣ። ላሳልፈው ወደ ቀኙ ብጠጋ እሱም ወደዚያው መጣ። ቀና ብሎ አየኝና «አንተ! ዛሬም ቀኜን ትዘጋለህ?» ብሎ ሳቀ።

ተሾመ ነው!

በደርግ ጊዜ እሱ የፋብሪካ ሠራተኞች የቅርጫት ኳስ ቡድን ጨዋታ አቀጣጣይ፣ እኔ ደግሞ የኮሌጁ ተከላካይ ነበርን።

ግማሽ ፍጻሜው ሁለት ጨዋታ ነበረው። በመጀመሪያው ለሁለት ያዝነው፤ ነፃ ለቀረው ጓደኛው እያቀበለ ጉድ አደረገን።

ለመልሱ ጨዋታ አሰልጣኛችን «አንተ ብቻህን ያዘው። ቀኙን ዝጋና ወደ ሐይቁ በኩል ግፋው፤ ሲወረውር የቀረውን ንፋሱ ይጨርሰዋል» አለኝ። ሜዳው ገላጣ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የጣና ንፋስ አይጣል ነው።

እውነትም የወረወረው ሁሉ ከቅርጫቱ ውጭ ይወድቅ ጀመር። ሳቅንበት።

ከዕረፍት በኋላ ተሾመ መወርወሩን እርግፍ አድርጎ ተወው። ኳሱን መሬት ላይ እያነጠረ ቅርጫቱ ሥር ለቆሙት ጓደኞቹ ያቀብል ጀመር። ዝቅ ብሎ የሚሄድን ኳስ ንፋስ ምን ያደርገዋል? ተሸነፍን።

(በሂስ ስብሰባው አሰልጣኛችን ጥፋቱን ሁሉ ንፋሱ ላይ ጣለ። ግለ ሂስ ሳያደርግ የቀረው ንፋሱ ብቻ ነው።)

«ያኔ የንፋሱ ነገር እንዴት ቶሎ ገባህ?» አልሁት ዛሬ።

«ንፋሱንማ አውቀዋለሁ። ያስቸገርኸኝ አንተ ነህ» አለኝ። ደረቴ ተነፋ።

ተሰነባብተን ሊሄድ ሲል ከዘራውን ወደ ግራው ሰነዘረ። ሳላስበው እሱን ልዘጋ ወደዚያው ሄድሁ። በቀኙ አለፈኝ! ዞርም አላለ።

እናንተስ፣ ቢያሸንፋችሁም የማትቀየሙት ሰው አላችሁ? እስቲ አውሩኝ።