ለሽጉጥ ፈቃድ የጎደለኝ ስም

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ከሁለት ሦስት ሰው በቀር ለማንም አውርቼው አላውቅም፤ ስለ ሽጉጥ ስለሆነ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ። አሁን የጻፍኩት ምናልባት እንደ እኔ ብቻዋን የምትኖር ሴት ታነበው ይሆናል ብዬ ነው።

ሥራዬ ልብስ ማስተካከል ነው። በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ኤግሊንተን ዌስት በሚባል መንገድ ላይ አንድ ትንሽ የልብስ ንጽሕና ቤት ውስጥ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ያለቀ የኮት ገበር አውጥቼ አዲስ እሰፋለሁ። ያን ጊዜ መንገዱ ላይ የሚሠራው የባቡር መስመር አላለቀም ነበር። በራችን ላይ አጥር ተገትሮ ስለነበር ከማዶ ያለ ሰው እኛ መኖራችንንም አያውቅም። የሱቁ ባለቤት ኮሪያዊት ናት። ከሰዓት በኋላ ወደ ሌላው ሱቋ ስለምትሄድ ብቻዬን ነበር የምውለው።

አንድ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ ሰው ገባ። ጃኬት ሊያስተካክል መስሎኝ ሜትሬን ይዤ ተነሳሁ። ቢላ አወጣ። ስልኬን ወሰደ። ቀጥሎ የጋብቻ ቀለበቴን አየ። ቀለበቱ ከጣቴ አልወጣ ሲለው ወደ ጓዳ ወስዶ እጄን በሳሙና አስታጠበኝ። ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ውኃው በጣም ይቀዘቅዝ ስለነበር እስኪሞቅ ድረስ ሁለታችንም ዝም ብለን ጠበቅን። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ያ መጠበቃችን ነው። ሊወጣ ሲል ዞሮ፣ "ብቻሽን የምትሆኚበትን ሰዓት አውቃለሁ" አለኝ።

ፖሊሶች መጡ፤ በትሕትና ጠይቀውኝ ጽፈው ሄዱ። የሱቁ ባለቤትም ቤቴ፣ ዌስተን ድረስ በመኪናዋ አድርሳኝ ሦስት ቀን እረፊ አለችኝ። በሬን ቆልፌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ለማን ልንገር ብዬ ሳስብ ሰው አጣሁ።

ባለቤቴ ከሞተ ያኔ አራት ዓመቱ ነበር። ልጅ አልወለድንም። ሲሞት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቤቱን ሞልተውት ነበር፤ ከአርባው በኋላ እየቀነሱ ሄዱ። እኔም እሑድ የሥራ ሺፍት ያዝኩ፤ ሲደውሉልኝ ደክሞኛል እያልኩ አላነሳም። ቀስ በቀስ መደወሉም ቀረ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት የእኔ ነው።

አዲስ ስልክ ስገዛ መጀመሪያ ያየሁበት ነገር ስለ ትንንሽ ሽጉጦች የሚያወራ ቪዲዮ ነው። አንዲት አሜሪካዊት አለች፤ በእኔ ዕድሜ፣ ጸጉሯ የሸበተ። ጠረጴዛ ላይ ሽጉጦች ትደረድርና አንድ በአንድ ኮቷ ኪስ ውስጥ እየከተተች፣ ዞር ብላ "ይታያል?" ትላለች። በጣም ትንሿ ቀላል ናት፤ ነገር ግን ስትተኮስ እጅ ትመታለች። ከእሷ ተለቅ የምትለው ለመያዝ ትመቻለች፤ በኪስ ግን ታብጣለች። ሌላዋ ከላይዋ ወጣ ያለ ብረት ስለሌላት ሲያወጧት ገበር አይዛትም። እኔ ኪስ የምሠራ ሰው ነኝና ከሴትዮዋ ጋር እከራከር ነበር። "ያ ገበር አይችላትም፤ ደርቢበት" እላታለሁ፣ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ። ቤቴ ውስጥ ያን ሰሞን ከእሷ ድምፅ ሌላ ድምፅ አልነበረም።

በመጨረሻ አንዷን መረጥኩ። ጥቁር፣ መዳፍ ውስጥ የምትገባ። ካርቶን በልኳ ቆርጬ፣ እንዲከብድ ከስፌት መኪናዬ የወጣ አሮጌ ብረት አጣበቅኩበት። ለክረምት ኮቴም ድርብ ገበር ያለው ጥልቅ ኪስ ሰፋሁለት። መስታወት ፊት ወዲያና ወዲህ ስል አመሸሁ። አይታይም ነበር። ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ወደ አንድ የጠመንጃ መሸጫ ደወልኩ። ያነሳው ሰው ትልቅ ሰው ይመስላል።

"ኮት ኪስ ውስጥ የምትያዝ ትንሽ ሽጉጥ ፈልጌ ነበር" አልኩት።

"ማዳም፣ የምታዪው የአሜሪካኖቹን ነው" አለኝ። "እዚህ አገር ሽጉጥ በኪስ ይዞ መሄድ ያሳስራል። መሸጡም ተከልክሏል። መደርደሪያዬ ላይ ያለውን እንኳ ለአንቺ መስጠት አልችልም።"

"ፈቃድ ባወጣስ?"

"ብታወጪም። የፈቃዱ ወረቀት ለአደን ጠመንጃ ይሆንሽ ይሆናል እንጂ ለዚህ አይሆንሽም።"

ስልኩን ስዘጋ ፊቴ ግሎ ነበር። ግን እልኸኛ ነኝ። ዛሬ የተከለከለ ነገ ሊፈቀድ ይችላል፣ ፈቃዱ በእጄ ይቆይ ብዬ ፎርሙን ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ፕሪንት አደረግኩት።

ፎርሙ ብዙ ይጠይቃል። ሰው ሞቶብሽ፣ ተለይቶሽ፣ ሐዘን በርትቶብሽ ያውቃል ወይ ይላል። ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ ወይ ይላል። "አላውቅም" የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። እጄ ግን ቶሎ አልታዘዘኝም።

ከዚያ ቢያንስ ሦስት ዓመት የሚያውቁሽን ሁለት ሰዎች ስም ጻፊ ይላል። አንዷ የሱቁ ባለቤት ሆነች። ሁለተኛውን አጣሁ። አዲሱ ስልኬ ላይ ያሉት የዚህ አገር ቁጥሮች ሦስት ናቸው፤ ሱቁ፣ ሐኪሜና የሕንጻው ጠባቂ። ሐኪሜ ምክንያቱን ይጠይቀኛል፤ ጠባቂው ደግሞ አዲስ ነው። ደሴ ያለችውን እህቴን ስለ ሽጉጥ ብነግራት እንቅልፍ አታገኝም። ብዕሬን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ሌባው እንኳ እንደዚያ አላስለቀሰኝም።

በመጨረሻ ፊት ለፊቴ ያለው በር ትዝ አለኝ። አንድ ጃማይካዊ ሽማግሌ ይኖሩበታል። አስራ አንድ ዓመት ኤሊቬተር ውስጥ ተገናኝተን "ሃይ" ተባብለናል። ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ አንኳኳሁ። ምን እንደምል አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ሽጉጥ ሳላነሳ "ለአንድ ፈቃድ ሪፈረንስ ይሁኑኝ" ልል።

በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈት አደረጉ። "ማነው?"

"ፊት ለፊት ያለሁት ነኝ።"

"የስፌት መኪናዋ ሴትዮ! ድምፁን እሰማለሁ። ግቢ" አሉኝ። እንግሊዝኛ አንተና አንቱ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ ነበር ያልኳቸው።

የሚፈርሙበትን የፎርሙን ገጽ ሰጠኋቸው። አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አዩት፤ አዘነበሉት፤ መለሱልኝ። "ዓይኔ ጨርሶ ደክሟል። አንብቢልኝ።"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሽማግሌን መዋሸት አልቻልኩም። የጦር መሣሪያ የሚለውን ቃል ሳይቀር ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

እስክጨርስ ሰሙኝና፣ "ስንት ዓመት ያውቁኛል ልትይ ነው?" አሉ።

"አስራ አንድ።"

"ስምሽ ማነው?"

"ትርንጎ።"

"የእኔስ?"

ዓይኔን ወደ ፎርሙ መለስኩ።

"ኤሮል እባላለሁ" አሉ። "አየሽ፣ አስራ አንድ ዓመት አልተዋወቅንም። በር ለበር ኖርን እንጂ። ሽጉጡ ለማን ነው?"

ነገርኳቸው። ስለ ቢላው፣ ስለ ቀለበቱ፣ ውኃው እስኪሞቅ ስለ መጠበቃችን ሁሉ። ለፖሊሶቹ እንኳ የሳሙናውን ነገር አልነገርኳቸውም ነበር። ሚስተር ኤሮል አላቋረጡኝም።

"ያ ሰው ቢመለስ ነው ያልሽው" አሉኝ ስጨርስ። "ባይመለስስ? አንቺና ሽጉጡ ቤት ውስጥ ብቻችሁን ስትቀሩስ?"

ልመልስ ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ልቅሶ መጣ። አታልቅሺ አላሉኝም። ሬዲዮውን ዘጉና እስኪወጣልኝ ድረስ አጠገቤ ተቀመጡ።

ከዚያ "እኔ አልፈርምልሽም" አሉ። ተነስተው ከፍሪጁ በር ላይ አንድ ወረቀት አመጡ። "ይልቅ ይህን አንብቢልኝ።"

የሆስፒታል ወረቀት ነበር። ለዓይናቸው ሰርጀሪ ቀጠሮ ተይዟል። በዕለቱ ወደ ቤት የሚወስዳቸውና አብሯቸው የሚያድር ሰው ከሌለ ግን አይሠሩላቸውም። የሰው ስም የሚጻፍበት መስመር ባዶ ነው።

"ሁለት ጊዜ ቀጠሮ አሳልፌያለሁ" አሉኝ። "በታክሲ እሄዳለሁ ብላቸው እምቢ አሉ። ታክሲው ስም የለውም አሉኝ።"

"ልጅ የለዎትም?"

"ቫንኩቨር አለ። ሥራ ይበዛበታል።" ይህን ሲሉ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ብዕር ጠየቅኳቸውና ስሜን ጻፍኩ። ምን ማለት ነው አሉኝ። "ፍሬ ነው፤ ትልቅ፣ ቢጫ፣ ልጣጩ ወፍራም" አልኳቸው። "ልጣጩ ወፍራም!" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከሳቅኩ ስንት ወር እንደሆነኝ አላስታውስም።

የሰርጀሪው ዕለት ከሥራ ቀርቼ ይዣቸው ሄድኩ። ነርሷ "ምንሽ ናቸው?" አለችኝ። "ጎረቤቴ" አልኳት። "ሌሊቱን አብረሻቸው ትሆኛለሽ?" "አዎ።" ወንበር ላይ ለአራት ሰዓት ያህል ጠበቅኩ። ሰው መጠበቅ ማለት ምን እንደሆነ ረስቼው ኖሯል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እል ነበር። ዓይናቸው ተሸፍኖ ሲወጡ እጃቸውን ዘርግተው "ትሪንጎ?" አሉ። "አለሁ" አልኳቸው።

በማግሥቱ ሆስፒታል ተመልሰን ሽፋኑ ሲነሳ ትኩር ብለው አዩኝ። "ድምፅሽ ከፊትሽ ይልቅ ልጅ ነው" አሉኝ። ነርሷ ደነገጠች፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። እንዲያ አተኩሮ ሰው ካየኝ ቆይቶ ነበር።

ፎርሙን አልላክሁትም። በዚያው ሳምንት ሐኪሜ ዘንድ ሄጄ ምልክት ሳደርግ እጄ ስለዘገየበት ጥያቄ እውነቱን ነገርኩት። እሱም በቁም ነገር ሰማኝ፤ ለብዙ ወራት የማናግራት ባለሙያ አገኘልኝ። ሌባው አልተያዘም። ቀለበቱም አልተገኘም።

ባለፈው ዓመት የሚስተር ኤሮል ልጅ መጥቶ ወደ ቫንኩቨር ወሰዳቸው። አዝኛለሁ፤ ለእሳቸው ግን ደግ ሆነ። አሁንም ቤቴ ስገባ ዝም ያለ ነው፤ ረጅም ቅዳሜዎች አሉ። ብቸኝነቴ ሄደልኝ ብዬ አልዋሽም። ሽጉጥ በመፈለጌም አላፍርም፤ የፈራ ሰው የሚጨብጠው ነገር ይፈልጋል። የማፍረው፣ የእኒያን ደግ ሰው ስም ለመጠየቅ አስራ አንድ ዓመት መፍጀቴን ነው። ቶሎ አንኳኩቼ ቢሆን ኖሮ ዓይናቸው ያን ያህል ጊዜ ባልጨለመ ነበር።