የዐሥራ ሁለት ቀን ግድግዳ

የአንድ ክፍል ግድግዳ ልሙጥ አድርጎ ለመለሰን ስንት ቀን ይፈጃል? ሌላውን ለሳኝ ብትጠይቁት «ለመቼ ፈለጋችሁት?» ይላችኋል። የጋሽ ይድረቅ መልስ ግን ከሃያ ስድስት ዓመት በፊትም ዛሬም ያው ነው፦ ዐሥራ ሁለት ቀን። ግድግዳውን ውሃ አጠጥቶ ሻካራውን ሲሚንቶ ይለጥፍበትና ይጠብቃል። ሁለተኛውን ይደርብና ጠዋት ማታ ውሃ እየረጨ እንደገና ይጠብቃል። ስሱንና የመጨረሻውን እስኪቀባ ድረስ የቤቱ ባለቤት ፀጉሩን ነጭቶ ይጨርሳል። «ኧረ ፈጠን በል!» ሲሉት «መጀመሪያ ይድረቅ» ነው መልሱ። እናቱ ያወጣችለትን ስም ሚስቱም ረስታዋለች።

የሰውየው በሽታ መጸየፍ ነው። እኛ በረሮ ስናይ የሚሰማን ነገር እሱን የሚሰማው ወጣ ገባ ግድግዳ ሲያይ ነው። ሰው ቤት ሲገባ ከሰላምታ በፊት የስልኩን መብራት ግድግዳው ላይ አስጠግቶ በጎን ያበራል፤ ያኔ እያንዳንዱ ጉብታ ጥላ አውጥቶ ይጋለጣል። «እህህ! ይሄ ግድግዳ ነው የአዞ ጀርባ?» ይላል፤ ፊቱ የገማ እንቁላል አፍንጫው ሥር የተሰበረበት ሰው ይመስላል። በዚህ ጠባዩ ሦስት ጎረቤት፣ ሁለት ፀጉር አስተካካይና አንድ የጥርስ ሐኪም አኩርፈውታል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው የአንዲት ልጁ እጮኛ ቤት ለምሳ የተጠራው። ሰርጉ ስምንት ቀን ቀርቶታል፤ የእጮኛዋ እናት ደግሞ በትንሽ ነገር የሚቀየሙ ናቸው። ከሚስቱና ከልጁ ጋር በራቸው ላይ እንደ ደረሱ ሚስቱ እጇን ዘረጋች።

«ስልክህን ወዲህ በል።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ቆማ ልታስቀራት ነው? አምጣው!»

ሰጣት። ሲገቡ ሳሎኑን የሲሚንቶ ሽታ ገና አልለቀቀውም።

«ለእናንተ ብዬ እኮ ነው ያስለሰንኩት!» አሉ የእጮኛዋ እናት እየተፍለቀለቁ። «መብረቁ የሚሉት ባለሙያ በሁለት ቀን ለስኖ እጥፍ አደረገው!»

ጋሽ ይድረቅ ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተከለ። እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል እንደ ጀግና ታገለ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ግን ፀሐይ በመስኮት ገብታ ግድግዳውን በጎን ላሰችው። ጉብታው፣ ጉድጓዱ፣ የመብረቁ የጣት አሻራ ሳይቀር ተራ በተራ ብቅ አለ። ጋሽ ይድረቅ የጎረሰው ጉሮሮው ላይ ቆመ፤ አቅለሸለሸው።

«ምነው፣ ምግቡ አልተስማማዎትም?»

«ምግቡማ እጅ ያስቆረጥማል፣ እትዬ» አለ አፉን በመሐረብ ይዞ። «ግድግዳው ነው።»

ሴትዮዋ ተነሡ።

«ቤቴን የሚጸየፍ ሰው ልጁን ምን ሊያደርግ ወደዚህ ይልካል?» አሉና ግድግዳውን በመዳፋቸው ጧ አደረጉት። «ምን እንከን ይወጣለታል!»

ግድግዳው ራሱ መለሰ። ትሪ የሚያህል ልስን ተላቆ ሾርባው ውስጥ ዘጭ አለ። ሴትዮዋ ተፈናጥሮ አፋቸው የገባውን አሸዋ ቀጨም ቀጨም አደረጉና እንትፍ አሉት። አሁን የገማው እንቁላል ወደ እሳቸውም ፊት ተሻገረ።

«በስንት ቀን ይስተካከላል?»

«በዐሥራ ሁለት።»

«ሰርጉ እኮ እዚሁ ሳሎን ነው! ስምንት ቀን ነው የቀረው። በዚህ ጉድ መሀል እንግዳ አልጠራም፤ ካልሆነ ይቅር!»

«አባዬ» አለች ልጁ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ጋሽ ይድረቅ ያንን እስኪደርቅ መጠበቅ አልቻለም።

በስምንት ቀን ጨረሰው። የመጨረሻውን ሲቀባ ሥሩ ገና እርጥብ ነበር፤ የገዛ እጁን ቆሻሻ የነካ ይመስል ከሰውነቱ አርቆ ይዞት ወደ ቤቱ ሄደ።

የሰርጉ ዕለት እንግዳው ሁሉ «መስተዋት እኮ ነው!» እያለ ግድግዳውን ዳበሰ። ጋሽ ይድረቅ ግን ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ ጀርባውን አስደግፎ ንቅንቅ አላለም። ፊቱ ላይ ያው የገማ እንቁላል አለ፤ የዛሬው ግን የራሱ ነው።

ሙሽራዋ መጥታ እጁን ሳበችው። «አባዬ፣ ና እንጂ፣ ፎቶ እንነሣ!»

«እዚሁ ያንሡኝ።»

በትከሻው በኩል አጮልቃ አየች። ጣት የምታህል ስንጥቅ ከጀርባው ተነሥታ ወደ ጎን ትሄዳለች። ልጅቱ ቬሎዋን ሰበሰበችና አጠገቡ ተደገፈች።

«ፎቶ አንሺውን ወደዚህ ጥሩልን» አለች።