ማን ማንን እየጠበቀ ነው?

ሱብሂ ሰግደን ስንወጣ ከአዲስ አበባ ተደውሎ «ሰይድ አረፈ» ሲሉኝ «የትኛው ሰይድ?» አልኩ። ቆቦ ላይ ሰይድ ሞልቷል። ከሌሎቹ አንዱ በሆነ ብዬ ስመኝ ራሴን ያዝኩት። አላህ ይቅር ይበለኝ።

የኛው ሰይድ ነው። እዚሁ ቆቦ አንድ ዴስክ ላይ አብረን የተማርነው፣ የሶፍትዌር ኢንጂነሩ። አሁንም አላመንኩም። ስልኬ ላይ ስሙን ሳይ ልደውልለት ይቃጣኛል።

ስራውን ለማታውቁ፣ አንድን ከባድ ስሌት ለብዙ ኮምፒውተሮች አከፋፍሎ ባንድ ጊዜ ማሰራት ነበር። ዕድሜውን የፈጀው ግን ስራው ድንገት ቀጥ ሲል ምክንያቱን ሲፈልግ ነው።

አንዴ ዋጃ ከተማ፣ አጎቱ ቤት ሰርግ ተጠርተን ሄድን። በሩ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል።

«አንቱ ይቅደሙ።»

«ኧረ ወላሂ አልቀድምም፣ አንቱ ይግቡ።»

ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል። ሰይድ ሳቁን አፍኖ «የኔ ስራ ማለት ይሄ ነው» አለኝ። «አንዱ ኮምፒውተር ያኛው እስኪጨርስ ይጠብቃል፣ ያኛው ደግሞ ይሄኛውን። የተበላሸ ነገር የለም። ሁለቱም ጨዋ ናቸው። ስራው ግን ቆሟል።»

ከዚያ ሁለቱንም ክንዳቸውን ይዞ እኩል አስገባቸው። በሩ ጠባብ ስለነበር የአንደኛው ጥምጣም ወደቀ።

መብራት ቢጠፋ፣ የባጃጅ ተራው ቢዘጋጋ፣ ባልና ሚስት ቢኳረፉ፣ የሱ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ማን ማንን እየጠበቀ ነው?» ያናድደኝ ነበር። ብዙ ጊዜ ግን ልክ ነበር።

ልቡን ሲታመም አንዱ ሆስፒታል የሌላውን የምርመራ ውጤት ካላየሁ ለቀዶ ጥገና ቀን አልቆርጥም አለው። ያኛው ደግሞ የቀዶ ጥገናው ቀን ካልተቆረጠልህ አልመረምርህም አለ። በዚህ መሀል ሲመላለስ ከረመ። ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ፣ ድምፁ ሳስቷል።

«አንተየ፣ አገኘሁት እኮ። ማን ማንን እንደሚጠብቅ አገኘሁት።»

«ታዲያ ንገራቸው» አልኩት።

«ነገርኳቸው። ሁለቱም ልክ ነህ አሉኝ።»

«አብሽር» አልኩት።

ስንት የቆመ ነገር ያስቀጠለ ሰው፣ ክንዱን ይዞ የሚያስገባው አንድ ሰው አጥቶ ሞተ። የአላህ ውሳኔ ነው፣ አውቃለሁ። ያም ሆኖ «ለኸይር ነው» የምትሉኝ ለዛሬ ተዉኝ።

ሰይድ፣ ጀናዛህን የጫነው መኪና ጎብዬን አልፏል አሉን። መግሪብ ተቃርቧል። ከተማው መግቢያ አስፋልቱ ዳር ቆመናል፣ እናትህ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ማን ማንን እየጠበቀ ነው ብትለን፣ ሁላችንም አንተን።

አንተ ግን ከእንግዲህ ማንንም አትጠብቅም። በሩ ላይ ትንሽ እንኳ ሳትከራከረን ቀድመኸን ገባህ። ደህና ሁን ወንድሜ።