ላፕቶፔ ግራኝ ሆኖ ያደረ ዕለት

ዛሬ ጠዋት ላፕቶፔን ስከፍት ታችፓዱ አብዶ ጠበቀኝ... የግራውን ቁልፍ ስጫን ፋይሉ አይከፈትም፤ በቀኙ ሲጫኑ የሚመጣው ዝርዝር ይመጣብኛል። ደግሜ ስጫን ያው ነው።

በዛሬው ቀን! ኮምቦልቻ ወርጄ ፕሮፖዛሌን የማስገባበት ቀን እኮ ነው። ከፋብሪካ በሚወጣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ትራስና ፍራሽ መሥራት... ክረምቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ የከረምኩበት ሐሳብ። በጥቃቅንና አነስተኛ ለሚደራጁ የሚሰጠው የመሥሪያ ሼድ ደግሞ የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ ቀድሞ ያስገባ ይወስደዋል።

ከሰፈሬ ከቧንቧ ውሃ ወደ ጀማል ሱቅ በረርኩ። ጀማል አብሮ አደጌ ነው፤ ኮምፒውተር ይጠግናል። ላፕቶፔ ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም የጫነልኝም፣ ፓስወርድ ያወጣልኝም እሱ ነው፤ «ይሄን ቫይረስ አይነካውም፣ አብሽር» ብሎ። ትናንትም ሰፈራችን መብራት ስለጠፋ ቻርጅ እንዲያደርግልኝ እሱ ጋ ነበር የዋለው።

«ጀሜ፣ ሰው ነክቶብኛል እንዴ?»

«ኧረ ወላሂ ማንም አልነካውም! ቫይረስ ይሆናል።»

ቫይረስ?... አይነካውም ያለኝ ራሱ አይደል እንዴ?

«እስቲ አምጣው» ብሎ ተቀበለኝ። እኔን እምቢ ያለው ላፕቶፕ እሱን እንዴት ቢታዘዘው ጥሩ ነው! ሴቲንጉን ከፈት ከፈት አደረገው። ያኔ እጁን አየሁት... በግራው ነው የሚሠራው።

ግራኝ መሆኑን እኮ ረስቼዋለሁ። ልጆች ሆነን በግራው ሊጎርስ ሲል እናቱ እትዬ ከዲጃ እጁን ቸብ እያደረጉ በቀኝ መብላት አስለመዱት። ታችፓድ ላይ ግን የሚመታው የለም። ሴቲንጉ ላይ «ለግራ እጅ» የሚለው ተመርጦ ተቀምጧል፤ መመለሱን ረስቶታል።

«ጀማል፣ ለራስህ እጅ አስተካክለኸዋል። ትናንት በላፕቶፔ ምን ስትሠራ ዋልክ?»

ግራ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ከተተው።

«ፕሮፖዛሉን... ትናንት ከሰዓት ወርጄ አስገባሁት። በእኔ ስም። አንተ እኮ መቼም ጨርሰህ አታስገባም ብዬ ነው።»

ያ አላህ! ስንት ዓመት ከአንድ ትሪ የበላን ሰዎች ነን። ላፕቶፔን አቅፌ እንባዬን እየዋጥኩ ወጣሁ።

ለነገሩ ስለ ሊኑክስ አልዋሸኝም... ቫይረስ አልነካውም። የነካው ጓደኛዬ ነው።