«እውነት ነው?» ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ሊፍት እፈራለሁ፤ ውሻ፣ ቡችላም ቢሆን፣ እፈራለሁ፤ ስልኬ ሳልጠብቀው ሲጠራ ልቤ ዱብ ይላል። እናቴ «ፈሪ ለእናቱ ነው፣ አንቺማ ለእኔ ነው የተፈጠርሽው» እያለች ትስቅብኛለች። ያን ክረምት የፈራሁትን ያህል ግን ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ፈርቼ አላውቅም።

በትምህርት ጊዜ አማርኛ አስተምራለሁ። ክረምት ሲገባ ደግሞ እኔ የማመልክበት ቤተ ክርስቲያን፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ያለው፣ የመዘምራኑን መለማመጃ ክፍል ይሰጠኛል። ሰኞና ሐሙስ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ለሰፈሩ ልጆች የፈጠራ ጽሑፍ አስተምርበታለሁ። የጴንጤውም የኦርቶዶክሱም ልጅ ይመጣል፤ ከአሥር እስከ አሥራ ስድስት ዓመት ያሉ፣ ሃያ የሚሆኑ ልጆች። ወላጆቻቸው ደራሲ እንዲሆኑላቸው የሚልኳቸው እንዳይመስላችሁ። «ቤት ውስጥ አሳበዱን፣ በቃ ያዥልን» ብለው ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ልጆቹ የሚጽፉት ሁሉ ለፈተና የሚጻፍ ነበር። መስከረም ሲጠባ አበባው፣ ወፉ፣ «አገሬ ውብ ናት»። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ስለሚሰክር አባት ጽፎ አነበበ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ከኋላ አንዷ «አባትህ ነው አይደል? እውነት ነው?» አለችው። ልጁ ወረቀቱን እዚያው ቀደደው፤ ከዚያ ወዲህም አልመጣም። በጣም ተናደድኩ። በማግስቱ ሕግ አወጣሁና በትልልቅ ፊደል ጽፌ ከሰሌዳው በላይ ለጠፍኩት፦ «በዚህ ክፍል የሚጻፍ ሁሉ ፈጠራ ነው። ‹እውነት ነው?› ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው።»

ሕጉ እንደ መድኃኒት ሠራ። ልጆቹ ስለ ጠብ፣ ስለ ረሃብ፣ ስለ ቅናት መጻፍ ጀመሩ። እኔም ኮራሁ። ለባልደረቦቼ በየሻይ ቤቱ ስለ ሕጌ ሳወራ እውል ነበር፤ አሁን ሳስበው እፍረት ይበላኛል።

ልጅቷ የመጣችው በሦስተኛው ክረምት ነው። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። በሩ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ጃኬቷን እስከ አገጯ ትዘጋለች፣ ካልጠየቋት አትናገርም። በመጀመሪያው ሳምንት ያነበበችውን እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ። «ከቤታችን ጀርባ ያለው ግንብ ይራመዳል። ሰው ሲያየው ይቆማል፤ ሰው ዞር ሲል ይራመዳል። ትናንት ስንጥቁ የእስክሪብቶ ጫፍ አስገባ። ይህን የሚያውቁት ልጅቷና ግንቡ ብቻ ናቸው።»

ጸጉሬ ቆመ። «ጎሽ! ይሄ ነው መጻፍ!» አልኩና ወረቀቷ ግርጌ «በርቺ፣ ቀጥዪበት» ብዬ ጻፍኩላት።

ቀጠለችበት። በሁለተኛው ሳምንት ስንጥቁ ሳንቲም ዋጠ። በሦስተኛው የልጅቷን ጣት አስገባ። በዚያው ሳምንት ታሪኩ ውስጥ እናት መጣች፤ ልጅቷ ስትነግራት «ዝም በይ! አከራያችን ከሰሙ ያስወጡናል፤ ለሰው ትንፍሽ እንዳትዪ» አለቻት። እናትየዋን በጣም ወደድኳት፤ «ይቺ እናት ሕይወት አላት» አልኩ ለክፍሉ። በአራተኛው ሳምንት ግንቡ እንደ እርጉዝ ሴት ሆዱን ነፋ። ልጆቹ እሷ የምታነብበትን ሰዓት ይጠብቁ ጀመር። ትንንሾቹ አንዱ የሌላውን እጅ ይዞ ነበር የሚሰማው።

በአምስተኛው ሳምንት የመከርኳት ምክር አለ። እሱን ስጽፍ አሁንም እጄ ይከብደኛል። «ቶሎ አትጣዪው» አልኳት። «አንባቢ እንዲፈራ ከፈለግሽ አዘግዪው። ግንቡ የሚወድቅ ከሆነም ለክረምቱ መዝጊያ ቀን አቆዪልን፤ ወላጆች ባሉበት ታነቢዋለሽ።»

«ቲቸር፣ እምቢ ቢልስ?»

«ማን?»

«ግንቡ። እምቢ ብሎ ቢወድቅስ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ እኔም ሳቅሁ። «ደራሲዋ አንቺ አይደለሽ እንዴ? አንቺ ሳትፈቅጂለት ወዴት አባቱ ይወድቃል!» አልኳት። እሷ አልሳቀችም። ደብተሯን ዘጋችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

የሚቀጥለው ሐሙስ ዝናቡ ሳያባራ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ከሃያው ዘጠኝ ልጆች ናቸው የመጡት። እሷ ከሁሉም ቀድማ፣ ጃኬቷ እስኪንጠባጠብ ርሳ፣ ከበሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ተራዋ ሲደርስ ያነበበችው አጭር ነበር። «ዛሬ ጠዋት በሩ አልከፈት አለ። እናቷ በዝናብ አብጦ ነው አለች። ልጅቷ ግን ግንቡ ቤቱን እየገፋው እንደሆነ ታውቃለች። ወንድሟ ከግድግዳው ሥር አልጋው ላይ ተኝቷል።»

«ከዚያስ?» አለች ከፊት የተቀመጠችው ትንሽ ልጅ።

«ከዚያ ልጅቷ ወደዚህ መጣች» አለችና ተቀመጠች።

የመዝጊያውን ቀን ፕሮግራም በወረቀት ላይ ለማስመር «ማስመሪያ ያለው?» አልኩ። እሷ አውጥታ ሰጠችኝ። የተለመደ ነጭ ፕላስቲክ ማስመሪያ ነው። ቁጥሮቹ ውስጥ ጭቃ ደርቋል። ጠርዙ ላይ በእስክሪብቶ የተሰመሩ ትንንሽ መስመሮች አሉ፤ ከየመስመሩ አጠገብ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፦ ሰኞ። ሐሙስ። እሁድ። ሰኞ። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ተጠጋግተዋል። ከመጨረሻው «ረቡዕ» እስከ «ዛሬ ጠዋት» ግን አራት ጣት ይሆናል።

ማስመሪያውን አገላበጥኩት። መጀመሪያ ራሴን ለማታለል ሞከርኩ። ጎበዝ ስለሆነች ነው፣ ስንጥቁን ለታሪኩ ብላ ነው የለካችው አልኩ። ብጠይቃትና ፈጠራ ቢሆን ልጆቹ ፊት መሳቂያ እሆናለሁ፣ በገዛ እጄ የለጠፍኩትንም ሕግ አፈርሳለሁ አልኩ። ብጠይቃትና እውነት ቢሆንስ? ይሄኛውን ልጨርሰው አልቻልኩም። ለሌሎቹ «ስለ ዝናቡ ድምፅ አንድ ገጽ ጻፉ» አልኩና እሷን ወደ በረንዳው አወጣኋት።

«እውነት ነው?» አልኳት።

«ክልክል ነው ብለሻል እኮ።»

«ብያለሁ። እውነት ነው?»

«መቼ ነው የምትጠይቂኝ እያልኩ ነበር» አለች።

ልጆቹን ለቤተ ክርስቲያኑ ጽዳት ሠራተኛ አደራ ብዬ ጃንጥላዬን ያዝኩ። በሌላው እጄ የስም መቆጣጠሪያውን ፎልደር እንደያዝኩ መሆኔን ያወቅሁት በኋላ ነው። ታክሲ የለም። ወደ ቁስቋም የሚያወጣውን ዳገት በእግራችን ተያያዝነው። የፍልሰታ ቅዳሴ ወጥቶ ነጠላቸውን በላስቲክ የሸፈኑ እናቶች ይወርዳሉ፤ እኛ በመሃላቸው እየተጋፋን እንወጣለን። ጎርፉ ቡናማ ሆኖ በአስፋልቱ ላይ ይንጎራደዳል። ስልኬን አወጣሁ። ለማን እደውላለሁ? ደውዬስ ምን እላለሁ? አንዲት ተማሪዬ የጻፈችው ግንብ ሊወድቅ ነው ልበል? መልሼ ከተትኩት።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት እያለከለክሁ። ቁጣ ቁጣ ይለኝ ነበር፤ ስፈራ እቆጣለሁ።

«በየሳምንቱ ነገርኩሽ እኮ» አለች፤ እሷ አላለከለከችም። «እማዬ ለሰው ትንፍሽ እንዳትዪ ብላኛለች። ትንፍሽ አላልኩም። ጻፍኩት።»

ቤቱ ባለ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ነው። ከጀርባው፣ ክንድ በማታህል ክፍተት፣ የላይኛው ግቢ አፈር እንዳይናድ የተሠራው የድንጋይ ግንብ ቆሟል። ቆሟል ማለት ከተቻለ ነው። መሃሉ ወደ ቤቱ አብጧል። ከስንጥቁ ውሃ ይወርዳል፤ «ትናንት ንጹሕ ነበር» አለችኝ፣ አሁን ግን የሚወርደው ጭቃ ነው። ደቃቅ ጠጠሮች ጠብ ጠብ ሲሉ ይሰማል። እውነቱን ልናገር፤ በዚያች ሰዓት እግሬ ወደ ኋላ ዞሮ ነበር። ልጅቷ እጄን ባትይዘው ኖሮ የምሮጥ ይመስለኛል።

በሩን ሁለታችን በትከሻችን ገፍተን ከፈትነው። እናትየዋ ለሸማኔዎች ፈትል ትፈትላለች፤ እንዝርቷን እንደያዘች ብድግ አለች። የአራት ዓመቱ ልጅ ከኋለኛው ግድግዳ ሥር አልጋው ላይ ተኝቷል። እናትየዋ መጀመሪያ ያየችው ፊቴን ሳይሆን ፎልደሩን ነው። «ውይ! ይግቡ፣ ይግቡ» አለች ደንግጣ።

አስተማሪዋ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ምን እንደምትለኝ ታወቀኝ፤ «ይቺ ልጅ ትቀባጥራለች፣ አይስሟት» ነው የምትለኝ። «ከወረዳ ነው የመጣሁት» አልኩ። «ግንቡ ሊናድ ነው። አሁኑኑ ውጡ!»

«አከራያችን ያውቃሉ?»

«እሳቸው ናቸው የላኩኝ።»

አከራዩ ወንድ ይሁኑ ሴት እንኳ አላውቅም። ውሸት አንዴ ከወጣ ወንድሙን እየጠራ ነው የሚመጣው። እሷ ግን አመነችኝ፤ ማመኗም አላፈጠናትም። ለልጁ ካልሲ ትፈልግ ጀመር፣ ጥጡን ወደ ቅርጫት ትሰበስብ ጀመር። «ተዪው!» ብዬ ጮህኩ፤ ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። ልጁን ከነብርድ ልብሱ አነሳሁት። እናትየዋ ለቅርጫቱ ስትመለስ ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ በሁለት እጇ ይዛ «እማዬ! እማዬ በሞቴ!» እያለች ወደ በሩ ጎተተቻት።

ወርደን ከጎረቤት የቆርቆሮ አጥር ሥር ተጠለልን። ጠበቅን። ምንም አልሆነም። ዝናቡ ሁሉ ጋብ ያለ መሰለ። ልጁ ነቅቶ ያለቅስ ጀመር። «ታዲያ የታለ?» አለች እናትየዋ። «ምንም የለም እኮ። እስኪ ልብሱን ብቻ ላውጣለት፤ ብርድ ገደለው።» እኔም አፈርኩ። ቤተሰብ ከቤቱ አስወጥቼ ዝናብ ላይ አቁሜ፣ ውሸቴ ቢታወቅ ምን ይውጠኛል ብዬ ለራሴ መጨነቅ ጀመርኩ። «እሺ፣ ግን ቶሎ ነይ» ልላት ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

ያን ጊዜ ወደቀ። የጠበቅሁትን ያህል አልጮኸም፤ ገልባጭ መኪና አሸዋ ሲዘረግፍ የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ ነው። የኋላው ግድግዳ ወደ ውስጥ ታጠፈ፣ ቆርቆሮው ተንሸራቶ ደጁ ላይ ወረደ። በተከፈተው በር ውስጥ ድንጋይና ጭቃ ይታያል። አልጋው አይታይም።

ከዚያ እናትየዋ እግሬ ላይ ወደቀች። ጉልበቴን እየሳመች «ቁስቋም ማርያም ናት የላከችዎት! ወረዳው ይኑርልኝ! ልጄን አዳኑልኝ!» ትላለች። ላነሳት ሞከርኩ፤ እምቢ አለች። «ማን ነገራችሁ? ማን አይቶ ነገራችሁ?»

መዋሸት ከዚያ በላይ አልቻልኩም። «ከወረዳ አይደለሁም» አልኳት። «የልጅሽ አስተማሪ ነኝ። እሷ ነች የነገረችኝ።»

«መቼ?»

«ከሐምሌ መጀመሪያ ጀምሮ። በየሳምንቱ።»

እጇ ከጉልበቴ ላይ ቀስ ብሎ ለቀቀ። ስድብ ጠበቅሁ፤ ብትሰድበኝ፣ በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ጭቃው ላይ እንደተቀመጠች ወደ ቤቱ ስታይ ቆየች።

«ለእኔ ከግንቦት ጀምራ ነው የነገረችኝ» አለች።

ልጅቷ ሁለታችንንም ሰምታለች። ወደ እኔ መጣችና ወንድሟን ከእጄ ተቀበለች፤ ከእናቷ ትከሻ ላይ ነጠላውን ወስዳ ልጁን በጀርባዋ አዘለች፣ ቋጠሮውን ደረቷ ላይ ሁለት ጊዜ አጠበቀች። ከዚያ ማናችንንም ሳታይ ዳገቱን ወደ ታች ጀመረችው። እናትየዋ ከጭቃው ተነሳች። ወዴት እንደምትወስደን ሳንጠይቅ ከኋላዋ ተከተልናት።